ሣር ላይ የቀረው ጓንት

አውቶቡሱ ሚሲሲፒን ለቆ አላባማ ሲገባ ነጋ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀየር መንገጫገጩ የተኙትን ቀሰቀሳቸው፤ የነቁት ሁሉ ደግሞ ሌሊቱን ዓይናቸው እንዳልተከደነ መማል ጀመሩ። ከመስኮቶቹ በላይ በተዘረጋው ሲባጎ ላይ የትናንቱ የሱፍ ማሊያዎች ላባቸው ሳይደርቅ ይወዛወዛሉ። የጥቁሮቹ ቤዝቦል ቡድን የሴልማ ጭልፊቶች አስራ አምስት ነበሩ፤ ሾፌር የሚባል ግን አልነበራቸውም። በየተራ ይነዳሉ፤ የዕለቱ ወርዋሪ ብቻ ክንዱ እንዳይዝል መሪ አይነካም።

ዌንደል ፕሩዊት ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከተማውን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ሰው ያያል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቦታው አልተለወጠም፤ አውቶቡስ ውስጥ ይሁን፣ ምግብ ላይ ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ ሁልጊዜ ከሮስኮ ታልበርት በስተግራ ነው። ጓደኞቻቸው ልማድ ነው ብለው ትተውታል። ልማድ አልነበረም። የሮስኮ ግራ ዓይን ከብርሃንና ከጥላ በቀር ምንም አያይም፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ሮስኮ!» አለ ከፊት ወንበር ጂፕ ሳምስ፣ የቡድኑ ቀላቢና አፈኛ። «ዛሬ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«አምናስ?»

«ሃያ ስምንት።»

«ካቻምናስ?»

«ያኔ እንኳ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ሃያ ዘጠኝ።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። በዚህ ሊግ ማንኛውም ሰው ሁለት ዕድሜ አለው፤ አንዱን እናቱ ታውቃለች፣ ሌላውን ጋዜጣው ይጽፋል። ሮስኮ ሰላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። አስራ አምስቱን በዚህ አውቶቡስና ከዚህ በባሱ አውቶቡሶች ላይ ጨርሷል፤ ሆቴል አያስገቧቸውምና ወንበር ላይ ተኝቶ፣ በየምግብ ቤቱ የጓሮ መስኮት ተሰልፎ እየበላ። በመሃል ሜዳ ከእሱ የፈጠነ ሰው ከቻታኑጋ እስከ ሞቢል አልነበረም። ኳስ ከዱላው ስትነሳ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጥና የምትወድቅበት ቦታ ቀድሟት ይደርሳል ይባልለት ነበር። ነበር።

«ቀልዱን ለማታ አቆዩት» አሉ ካፒቴን ቦልደን ከፊት ሆነው። አሰልጣኙም፣ የቡድኑ ጸሐፊም፣ አባትም እሳቸው ናቸው፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ በቡድኑ ውስጥ አንቱ የማይላቸው የለም። ከገለባ ባርኔጣቸው ጥብጣብ ውስጥ ዓርብ ዕለት የደረሰውን ቴሌግራም አውጥተው ለአስረኛ ጊዜ አነበቡት። «ሰውዬው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሜዳችን ላይ ይገኛል። ሚስተር ኬለር ይባላል፤ ለነጮቹ ትልቅ ሊግ ተጫዋች የሚመርጥ ነው። የሚመጣው ሮስኮን ሊያይ ነው፤ እናንተን ካያችሁ ግን አፋችሁን ዘግታችሁ እንድትታዩ እፈልጋለሁ። ጂፕ፣ በተለይ አንተ።»

ጦርነቱ ካበቃ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ የጁላይ እሑድ። አምና ከእነሱ አንዱ በነጮቹ ትልቅ ሊግ ውስጥ ገብቶ ተጫውቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ተከትለውታል። በየአውቶቡሱ ያለ ሰው ሁሉ ልቡ ከቦታዋ ተነስታለች። ወጣቶቹ ተራዬ ይደርሳል ብለው ያስባሉ፤ የሮስኮ እኩዮች ደግሞ ተራቸው ሳይደርስ እንዳለፈ ያውቃሉ። ሮስኮ ብቻ በጋዜጣ ዕድሜው የተነሳ በመሃል ተንጠልጥሏል።

አንዲት የመንገድ ዳር ቤንዚን ማደያ ላይ ቆሙ። ካፒቴኑ ዳቦና ሰርዲን ለመግዛት ወደ ሱቁ ጓሮ ዞሩ፤ ሌሎቹ ከውኃ በርሜሉ ፊታቸውን ይታጠባሉ። ሮስኮ ከፔካን ዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ዌንደልን በእጁ ጠራው።

«ዌንደል።»

«ወይ።»

«ዛሬ እንዳትጠራኝ።»

ዌንደል ሰማውና ያልሰማ መሰለ። እጁ ላይ ያለውን ኮክ ወደ አፉ አስጠግቶ ሳይነክሰው መለሰው።

የመጥራቱ ነገር እንዲህ ነው። ዌንደል የሚጫወተው ቀኝ ሜዳ ነው። ስሙ ከመቺው በኩል ስለወጣለት ነው እንጂ፣ መሃል ላይ ቆሞ ወደ መቺው ለሚመለከት ሰው ቀኝ ሜዳ በግራ እጁ በኩል ይውላል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሜምፊስ ላይ፣ አንዲት ኳስ በሁለቱ መካከል መጣች። ከመቺው በሚርቀው በሩቁ ሜዳ ሕጉ አንድ ነው፤ የመሃሉ ሰው ይቀድማል፣ ሌላው መንገድ ይለቃል። ዌንደል ግን አገኛታለሁ ብሎ መንገድ አልለቀቀም፤ አገኛታለሁ ብሎም አልጮኸም። አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሮጠ። ሮስኮም እንዲሁ። የዌንደል ክርን ከሮስኮ ግራ ዓይን ላይ አረፈ።

ሮስኮ አንድም ቀን አልወቀሰውም። ከሆስፒታል ሲወጣ «ኳሷስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ወድቃለች ሲሉት ተበሳጨ፣ በቃ። ዌንደል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን ዘግቶ አያውቅም። ኳስ ወደ መሃል በተነሳች ቁጥር እሱ ይጮሃል፤ «ኋላ!» ወይም «ፊት!»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «አሁን!»። በዱላ በኩል ችግር አልነበረም፤ ሮስኮ የሚመታው በግራ ቆሞ ስለሆነ ወርዋሪውን የሚያየው ቀኝ ዓይኑ ነው። ሰማይ ላይ ያለች ኳስ ግን በአንድ ዓይን ርቀቷ አይለይም። ርቀቷን የሚነግረው የዌንደል ጉሮሮ ነበር። ጂፕ ነገሩ ሳይገባው «ደወል» የሚል ስም አወጣለት።

«ሰማኸኝ?» አለ ሮስኮ።

«ለምን? ዛሬን መርጠህ? ሰውዬው ከሰሜን ድረስ የሚመጣው ዛሬ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«ለዚያ ነዋ። እነሱ ሜዳ አርባ ሺህ ሰው ነው የሚጮኸው። አንተንም አብረው ቢወስዱህ እንኳ አልሰማህም። ሊወስዱህ ደግሞ አይመጡም።»

«እሱን ስትደርስ ታየዋለህ። መጀመሪያ ግባ።»

«ገብቼ ስወድቅስ? አናቴ ላይ ስታርፍስ? የምወድቀው እኔ ብቻ አይደለሁም እኮ። ‘ይኸው ሞከርናቸው’ ብለው በሩን ነው የሚዘጉት። ከኋላዬ ስንት ልጅ አለ።» ሮስኮ መሬቱን በጫማው ጫረ። «እኔ ማወቅ ነው የምፈልገው። ብቻዬን መቅለብ እችላለሁ ወይስ አልችልም? ካልቻልኩ ሴልማ ላይ ልጣላት፤ የራሴ ሰዎች ፊት።»

«ሮስኮ…»

«ጓንቴንም አታቀብለኝ። ራሴ ፈልጌ አነሳዋለሁ። ማልልኝ።»

ዌንደል ማለለት። ኮኩንም ሳይበላው ወረወረው።

ሴልማ ሲደርሱ የቤተ ክርስቲያኑ አምልኮ ገና አላለቀም ነበር፤ ቢሆንም ኳስ ባለበት እሑድ ፓስተሩ ስብከቱን እንደሚያሳጥር ሁሉም ያውቃል። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሰዉ በክት ልብሱ ጎረፈ። ሴቶቹ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ወንዶቹ ከረባታቸውን እንኳ ሳይፈቱ፤ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው። ከመቺው ጀርባ በገመድ የተከለለች ጥግ አለች፤ ነጮች ሲመጡ የሚቀመጡባት። ዛሬ እዚያ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር የዘረጋ።

ጨዋታው ሳይጀመር ሰውዬው አንድ እግሩን እያነከሰ ገመዱን አልፎ ተጫዋቾቹ ወደተቀመጡበት መጣ። ሁሉም ተነሡ። ሰውዬው ባርኔጣውን አነሳና እጁን ዘረጋ።

«ሚስተር ታልበርት? ኬለር እባላለሁ። ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ። ዛሬ ስለማይዎት ደስ ብሎኛል።»

ሮስኮ እጁን ጨበጠ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ነጭ ሰው ሲያናግረው ወይ «ሮስኮ» ነው ወይ «አንተ ልጅ»። ካፒቴን ቦልደን በሽበታቸው እንኳ በዚህ ከተማ «ሃይራም» ተብለው ነው የሚጠሩት። ኬለር እያነከሰ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ሰማችሁ?» አለ ጂፕ በሹክሹክታ። «አንቱ አለው! በሉ ከዛሬ ጀምሮ ሮስኮ ሽንት ቤት ሲገባ ተነሥተን እንቁም።»

ማንም አልሳቀም። ሮስኮ የጨበጠበትን እጁን ሱሪው ላይ ሳይጠርግ ይዞት ቆመ።

ያን ቀን ተጋጣሚያቸው ከሞቢል የመጣ ቡድን ነበር። ዌንደል ወደ ቦታው ሲሄድ የጓንቱን የቆዳ ማሰሪያ ጥርሱ መሃል አስገባ፤ አፉ ሥራ ከያዘ አይከፈትም ብሎ። አንደኛው ዙር በሰላም አለፈ። ተራው ሲለወጥና ለመምታት ሲገቡ ሁሉም እንደ ወጉ ጓንታቸውን እዚያው ሣሩ ላይ ጣል አደረጉ፤ የሩቅ ሜዳ ሰው ጓንቱን ተሸክሞ አይመላለስም። መልሰው ሲወጡ ሁልጊዜ ዌንደል አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሮጥና የሮስኮን ጓንት በእግሩ ወደ ላይ አንስቶ ያቀብለው ነበር፤ ተመልካቹም ትርዒት እየመሰለው ያጨበጭባል። ዛሬ አላቀበለውም። ሮስኮ አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ሰበር አድርጎ በቀኝ ዓይኑ ፈለገና አገኘው። አንዲት ሴት «ደወል፣ ምን ነካህ? ተኳረፋችሁ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

ስምንት ዙር ዌንደል ቆዳውን አኘከ። ወደ መሃል የተነሡት ኳሶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ዝቅ ያሉ፣ ሁሉም በሮስኮ ቀኝ በኩል። ሮስኮ ለቀማቸው። በእያንዳንዷ ዌንደል ማሰሪያውን አጥብቆ ይነክሳል፤ ለሮስኮ ስትገባለት ደግሞ በልቡ እልል ይላል። በስድስተኛው ዙር ላይ ተስፋ ማድረግ ጀመረ። ምናልባት እስከ ዛሬ በከንቱ ስጮህ ኖሬ ይሆናል፣ ምናልባት እሱ ራሱ ያያት ነበር፣ አለ። ይህን በማሰቡ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ከፋው፤ ሦስት ዓመት የካሰ መስሎት የኖረው ያ ጩኸት ባዶ ከሆነ ለዓይኑ ምን ከፈለለት?

ዘጠነኛው ዙር ላይ ውጤቱ አራት ለአራት ነው። የሞቢሎቹ ሁለት ሰው ወጥቶባቸዋል፤ አንድ ሲቀራቸው ግን ሁለት ሯጮቻቸው ቤዝ በሚባሉት የሩጫ ማረፊያዎች ላይ ናቸው። ዱላውን የያዘው ትከሻው ሰፊ ግራኝ ነበር። የሴልማ ሰው ሁሉ ቆሟል። ዌንደል በገመዱ ውስጥ ያለውን ግራጫ ሰው አየ፤ ደብተሩን አጥፎ ዓይኑን ከመሃል ሜዳ አልነቀለም።

ግራኙ መታት።

ድምፁን የሰማ ሰው ሁሉ ርቃ እንደምትሄድ አወቀ። በሁለቱ መካከል ነበረች፤ ለዌንደል የማትደረስ፣ ለሮስኮ ብቻ የምትሆን፣ በግራው በኩል፣ ከራሱ በላይ። ሮስኮ የመጀመሪያ እርምጃውን ተራመደ። ወደ ፊት።

ዌንደል በዚያች ቅጽበት ያሰበው ስለ ኬለርም ስለ መሐላውም አልነበረም። ያየው ሜምፊስን ነው፤ ሣሩ ላይ ፊቱን ይዞ የተኛውን ሰው። ማሰሪያው ከጥርሱ ወደቀ።

«ኋላ! ኋላ!»

ሮስኮ ጩኸቱ እንደ ደረሰው ዞረ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አጥሩ በረረ። እሱን ሲሮጥ ያየ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው ቢሉት አያምንም።

«ኋላ! … አሁን!»

እጁን ዘረጋ። ቀና ብሎ አላየም፤ እጁን ብቻ ዘረጋ። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ገባች።

ሜዳው ፈነዳ። ባርኔጣ ተወረወረ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ አንድ ሽማግሌ አጥሩን ዘሎ ሊገባ ሲል ልጆቹ በሱሪው ማንጠልጠያ ይዘው አስቀሩት። ሮስኮ ሳይስቅ ጓንቱን ሣሩ ላይ ጣለና በዌንደል አጠገብ አለፈ። ቀና ብሎም አላየውም።

«ሮስኮ» አለ ዌንደል።

ሮስኮ ዱላውን ሊያነሳ ሄደ።

በመጨረሻው ተራ ጂፕ አንደኛ ቤዝ ላይ ደረሰ። ቀጥሎ ሮስኮ ዱላውን ይዞ ቆመ፤ ሁለተኛዋን ኳስ ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቅሞ በግራ ሜዳ በኩል እስከ አጥሩ ሰደዳት። ጂፕ እየጮኸ ሮጦ ገባ። አምስት ለአራት። ሰዉ ሜዳውን አጥለቀለቀው፤ ካፒቴን ቦልደን ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አለቀሱ። ቴሌግራሙ ከጥብጣቡ ወጥቶ ወደቀ፤ አጎንብሰው አነሱትና ኪሳቸው ከተቱት።

ሰዉ ሲሳሳ ኬለር መጣ። ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀትና የቀለም ብዕር አወጣ።

«ሚስተር ታልበርት፣ ብዙ ማውራት አልወድም። የምፈልገውን አይቻለሁ።»

«ጓንቴ እዚያ ነው» አለ ሮስኮ። «እስከዚያ ቢሸኙኝስ?»

ሁለቱ ወደ መሃል ሜዳ ተራመዱ፤ የዌንደልም ጓንት በዚያው በኩል ነበርና ከኋላቸው ተከተለ። ፀሐይ ገና ከአጥሩ በላይ ናት። ከመንገዱ ዳር ከጨዋታው በኋላ የሚዝናናው ሰው ሙዚቃ ይሰማል።

«ያች የመጨረሻዋ» አለ ኬለር እያነከሰ። «እኔም በወጣትነቴ በዚህ ቦታ ነበር የምጫወተው፣ ጉልበቴ ነው ያስቀረኝ። እንደዚያ ያለ አቀላለብ ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ቀና እንኳ አላሉም እኮ!»

«ሚስተር ኬለር፣ በዚያን ጊዜ ምን ሰሙ?»

«ሰዉን። ያበደውን ሰው።»

«ከሰዉ ሌላ።»

ኬለር ቆመ። ወደ ዌንደል ዞር አለ። «አንድ ድምፅ ሰምቻለሁ። ቢሆንም የሩቅ ሜዳ ሰዎች ይጠራራሉ። እኛም እንጠራራ ነበር።»

«እሱማ ከልማድ ነው!» አለ ዌንደል ቸኩሎ። «እኔ እንደሁ አፌ አያርፍም፣ ጌታዬ፤ ደወል እያሉ ነው የሚጠሩኝ። እሱ አይቷት ነበር፣ ቀድሞ አይቷት…»

«ዌንደል» አለ ሮስኮ በለሆሳስ።

ዌንደል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሮስኮ በቀኝ መዳፉ ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ። ጓንቱ አምስት እርምጃ ያህል ፊት ለፊቱ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል፤ ማንም ሕፃን የሚያየው። ተራመደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። አልፎት ሄደ። እግሩን ሣሩ ላይ እያንሸራተተ ፈለገ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ‘ኋላ’ የሚለው ቃል ዌንደል አፍ ላይ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ዋጠው።

ኬለር ጎንበስ ብሎ ጓንቱን አነሳና ሮስኮ እጅ ላይ አኖረው። ሮስኮ መዳፉን ከዓይኑ ላይ አወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት።»

ኬለር በእጁ የያዘውን ወረቀት አየ። «ዝም ቢሉኝ ኖሮ አስፈርሜዎት እሄድ ነበር። አሁኑኑ። ለምን ነገሩኝ?»

«ሊሰድቡኝ ቢመጡ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር» አለ ሮስኮ። «ሚስተር ታልበርት አሉኝ። እርስዎ አሉኝ። እንዲህ ያለኝን ሰው አታልዬ ማምለጥ አልሆነልኝም። ከኔ በኋላ የሚመጡትም አሉ።»

ኬለር ወረቀቱን በመጣበት እጥፋት መልሶ አጠፈው። ብዕሩን ገጠመ። ከዚያ ወደ ዌንደል ዞረ። «እርስዎስ? ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት» አለ ዌንደል። እውነተኛውን ዕድሜውን ለማንም ሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«አዝናለሁ» አለ ኬለር፤ ለሁለቱም ነበር። ባርኔጣውን አነሳላቸው፤ እያነከሰ ሜዳውን ተሻግሮ ሄደ። ከሩቅ ካፒቴን ቦልደን ከእሱ ጋር ጥቂት ቃል ተለዋወጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከኬለር ጋር ተስፋቸውም እንደሄደ ከአቀማመጣቸው ይታወቅ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በትልቁ ሜዳ መሃል ቀሩ።

«ጠራኸኝ» አለ ሮስኮ።

«ጠራሁህ።»

«ምለህልኝ ነበር።»

«ወደ ፊት ተራመድክ። ወደ ፊት ስትራመድ አየሁህና…» ዌንደል ወደ እሱ ቀረበ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ሮስኮ ጓንቱን ገለበጠው፤ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰው። ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ከቁጣ ይልቅ ሰውየው ደክሞት ነበር፤ ፊቱ ላይ ሠላሳ አምስቱም ዓመት ይነበባል።

«ባትጠራኝ ኖሮ እዞር ነበር? ሁለተኛውን እርምጃ ሳልራመድ እዞር ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ከእንግዲህም አላውቅም። ያችን ለማወቅ ነበር የለመንኩህ።»

ዌንደል አንገቱን ደፋ። ሜምፊስ ላይ ዝም በማለቱ ዓይኑን ወሰደበት፤ ዛሬ ደግሞ ዝም ባለማለቱ ሌላ ነገር ወሰደበት፤ ለዚህኛው የሚካስበት ጩኸት የለም። እንባው መጣ፤ አላበሰውም።

ከመንገዱ በኩል አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ጂፕ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኧረ ኑ! ሞንትጎመሪ እኮ ነገ ስድስት ሰዓት ነው ጨዋታው! ወይስ አንቱ የተባለ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጮኸ። የሆነውን አላወቀም።

ሮስኮ ጓንቱን ብብቱ ሥር አደረገ።

«ነገ ሞንትጎመሪ ነን አይደል?»

«ነን።»

«እዚያ ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው፤ ክፉ ነው።» ወደ አውቶቡሱ አየ። «ነገ ጥራኝ።»

ዌንደል ከኋላ ዞረና ወደ ሮስኮ ግራ ተሻገረ፤ ሁለቱም ወደ አውቶቡሱ መራመድ ጀመሩ።